የስለት ጎራዴ

ባጃጁ ጎብዬን ለቆ ወደ ቆቦ ሲበር አያ አራጌ ከኋላ ወንበር ላይ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተክለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተቀምጠው ነበር። መንገዱን ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ካዩት ሁሉ ደስ ያላቸው ነገር የለም። የታጨደው ማሽላ በየማሳው ተከምሯል፤ አከማመሩ ጠማማ ነው። አንድ ጎረምሳ ግመል እየሳበ በስልክ ይስቃል፤ ግመሉ ከሱ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ይመስላል። ሮቢት ላይ አዲስ ፎቅ ተጀምሯል፤ ጣሪያ ሳይኖረው ቀለም ተቀብቷል።

«ቶሎ ንዳ» አሉ።

«ከዚህ በላይ ከነዳሁማ፣ አያ አራጌ፣ የምንደርሰው በቃሬዛ ነው» አለ ሾፌሩ አለሙ፣ በመስታወቱ እያያቸው።

«አንተ በቃሬዛ ድረስ። እኔን በዚህ አድርሰኝ።»

አለሙ ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቅ ልጅ ነው፤ አያ አራጌ ይህንንም አይወዱለትም። ባጃጁ ጉድጓድ ሲዘል ከእግራቸው ሥር ብረት ተንኳኳ። በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጎራዴዬ ነዋ! ዛሬ የቆረጣ ቀን አይደል? ከጭነት መኪና ባሌስትራ አስቀጥቅጬ ነው ያሠራሁት። ፀጉር ይላጫል ብልዎት ያምኑኛል?»

«መኪና ላይ ሳለ የበለጠ ይፈራ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ።

ይህ ቆረጣ የሚሉት ነገር ከክረምቱ ወዲህ የመጣ ነው። የቆቦ፣ የጎብዬና የዋጃ ጎረምሶች እሑድ ከሰዓት ጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ሰሌን ውሃ ውስጥ ነክረው ያሳድሩና ጠቅልለው ካስማ ላይ ይሰኩታል፤ ከዚያ በየተራ በተሳለ ጎራዴ ይመቱታል። የራሰ ሰሌን እንደ ሥጋ ነው፣ መሀሉ ያለው ካስማ እንደ አጥንት ነው ይላሉ፤ ከስልክ ላይ ነው የተማሩት። መሪያቸው የስፖርት መምህሩ ይሁኔ ነው። ይሁኔ የአያ አራጌ ልጅ ነው። አያ አራጌ ነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ ያሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሰሌኑ ምን በደለ?»

ከዚያ ወዲህ ነገሬም አላሉት። ዛሬ ግን ልጃቸው ሸዋዬ ምሳ እያቀረበች፣ «ይሁኔ ዛሬ ደስ ብሎታል፤ የዋጃው ሙህዲን የነመይሙናን የስለት ጎራዴ ይዞ ይመጣል አሉ፤ ሊቆርጡበት ነው» ስትላቸው ከማዕዱ ተነሡ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ወጡ።

ያን ጎራዴ ይታጠቁ የነበሩት አባታቸው ግራዝማች ተበጀ ናቸው። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱ ቀይ ቆዳ፤ እንደ ጊዜው ወግ በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁታል። ግራዝማች በከብት ውሃ ጠብ ኑሀ የሚባል የዋጃ ሰው በዚያ ጎራዴ ገደሉ። ደሙ ሁለቱን ወገን ሲያሳድድ ከርሞ በመጨረሻ ዘወልዶቹ፣ የራያ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ዋጃ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። አያ አራጌ ያኔ የወተት ጥርሳቸው የሚወልቅ ልጅ ነበሩ። አባታቸው፣ ያ ሁሉ ማዕረግ ያላቸው ሰው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በኑሀ ወንድም ፊት ሲንበረከኩ አዩ። የኑሀ ወንድም ጎራዴውን መዝዞ ጠፍጣፋውን ግራዝማች አንገት ላይ አሳረፈና «አውፍ ብያለሁ» አለ። ይቅር ብያለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ የዘወልዶቹ አለቃ እንዲህ ሲሉ ተሰሙ፤

«ይህ ጎራዴ ከዛሬ ጀምሮ የስለት ነው። ለፈጣሪ የተሰጠ ነው። በሟች ቤት ይኖራል። አይሳልም፣ አይታጠቅም። ከአፎቱ ያወጣው ሰው ካለ፣ የገዳይ ወገን አንገት በሥሩ ሳያልፍ፣ የሟች ወገንም አውፍ ሳይል አይመለስም። ይህ ካልሆነ ደሙ ዛሬ እንደፈሰሰ ይቆጠር።»

የአፎቱን አፍ በእርጥብ ጠፍር ሰፉት። ጠፍሩ ደረቀ። ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ሆኑ፤ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ በእርሻ ጊዜ በሬ ይዋዋሳሉ። የኑሀ ልጅ መይሙና ጎራዴውን ከቤቷ ምሰሶ ላይ ሰቅላ፣ አፎቱን በየዓመቱ ቅቤ እየቀባች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጠበቀችው። አምና ስትሞት አያ አራጌ ለቅሶ ደርሰው ጎራዴውን እዚያው ምሰሶው ላይ አዩት። ወጣቶቹ ታሪኩን ያውቁ እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ስልክ እየነካካ ለቅሶ ከሚቀመጥ ልጅ ጋር ምን ይነጋገራሉ? ለገዛ ልጃቸውም አልነገሩትም፤ «ሰው ሲሆን እነግረዋለሁ» ብለው ነበር። ይሁኔ አግብቶ ወልዶ አሁንም በእሳቸው ዓይን ሰው አልሆነም።

አለሙ ባጃጁን ከጎሊና ድልድይ አጠገብ አቁሞ ጆንያውን እየፈታ ወደ አሸዋው ወረደ። አያ አራጌ ተከተሉት።

ወንዙ በአንድ ጥግ በኩል በቀጭኑ ይፈሳል፤ ቀሪው አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ጎረምሳው አንድ ዓይነት ጥቁር ከነቴራ ለብሶ ተሰልፏል። ከነቴራው ደረት ላይ ሁለት የተጠላለፉ ጎራዴዎች ታትመዋል፤ ጎራዴዎቹ የአገሩ አይደሉም። ሁሉም የታጠቀው በግራው ነው። ፊልም ላይ እንዳየው። አያ አራጌ ተፋ አሉ።

ይሁኔ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሰልፉ ፊት ይንጎራደዳል። አባቱን ሲያይ ከሩቁ እጁን አነሣ።

«አባባ! እንዴት መጡ? እዚያ ወንበር አለ፣ አረፍ ይበሉ፤ አሁን እመጣለሁ!»

ሄዶ ጉልበት መሳም የሚገባው ሰው፣ በእጁ እንደ ትራፊክ አሳያቸው። አያ አራጌ እዚያው መጮኽ ይችሉ ነበር። «ሙህዲን የት አለ? ያን ጎራዴ እንዳትነኩ» ማለት ይበቃ ነበር። ግን ፊሽካ ከሚነፋ ልጃቸው ጋር በሰው ፊት ድምፅ አይጋፉም። መጥቶ ሰላም እስኪላቸው ሊጠብቁት ወሰኑና የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሙህዲንን ከሰልፉ ጫፍ ከዋጃ ልጆች ጋር አዩት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የአያቱን የመይሙናን አፍንጫ የወሰደ ልጅ። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰውን ጎራዴ ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። እኅቱ ሀናን አጠገቡ ቆማ ስልኳን ታዘጋጃለች። አያ አራጌ ትንሽ ተረጋጉ። ያ ጠፍር ዕድሜውን ሙሉ የደረቀ ነው፤ ቢጎትቱት አይፈታም። ሰሌን ቆራጭ ከጠፍር ጋር ምን አቅም አለው? ልጃቸው እስኪመጣ ይህን ጉድ ቢያዩት ምንም አይደል።

ፊሽካው ተነፋ። አለሙ ቀድሞ ወጣ። የባሌስትራ ጎራዴውን ከፍ አድርጎ እንደ ታመመ ሰው ጮኸና መታ። የሰሌኑ ግማሽ ተንሸራቶ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አለሙ ለሰሌኑ እጅ ነሣ።

«ለሬሳው ነው ወይ የምትሰግድለት?» አሉ አያ አራጌ ለራሳቸው።

ሁለተኛው የቆቦ ልጅ መታ፤ ጎራዴው መሀል ላይ ተቀረቀረ። እግሩን ሰሌኑ ላይ ረግጦ ሲጎትት በቂጡ ወደቀ።

«ዳሌህን አዙር ብዬህ ነበር!» አለ ይሁኔ።

«አዙሬ ነበር እኮ፣ ቲቸር! ካስማው ነው የያዘብኝ!»

«አጥንት ነው። አጥንት ይይዛል!»

አጥንት! አያ አራጌ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። አጥንት አይቶ አያውቅም። ጠላታቸው ሰሌን ነው፤ ሰሌን አይሸሽም፣ ወንድም የለውም፣ ደሙን የሚጠይቅለት ሰው አይመጣም። የሚያጨበጭቡትም ለዚሁ ነው።

ይሁኔ ወደ አባቱ ሳይመጣ እጁን አጨብጭቦ ዞረ።

«አሁን የዋጃ ተራ ነው! ስንጠብቀው የነበረው የነሙህዲን የስለት ጎራዴ!»

ሙህዲን ተነሥቶ አረንጓዴውን ጨርቅ ገለጠ። የአፎቱ አፍ ላይ ጠፍሩ የለም። በምላጭ የተበጠሰው ጫፉ ብቻ እንደ አይጥ ጅራት ተንጠልጥሏል።

አያ አራጌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አታውጣ! አንተ ልጅ፣ አታውጣ!»

ፊሽካውና ድምፃቸው አንድ ላይ ወጡ። የተሰማው ፊሽካው ነው። ሙህዲን መዘዘ።

ጎራዴው አላብረቀረቀም። ቡናማ ነው፤ የቆየ ቅቤ ይሸታል፤ አፉ እንደ ማረሻ ጀርባ ደንዝዟል። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሙህዲን፣ ይኼማ የሚቆርጠው ቅቤ ነው!»

«ቅቤውንማ ራሱ ይዞ መጥቷል!»

የሙህዲን ጆሮ ቀላ። ስድቡን ሊያስቀር በሙሉ ጉልበቱ መታ። ጎራዴው ነጠረ፤ ሰሌኑ ሳይቆረጥ ከነካስማው ተነቅሎ ተጋደመ፣ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ።

«ሰሌኑን አነጠፈው!»

«ተኛበት እንግዲህ!»

«የዋጃን ሰው አትስደቡ» አለ ከሙህዲን ጀርባ አንዱ፣ ወደ ፊት እየመጣ።

«ማን ሰደበ? ጎራዴውን ነው። በዚህ ሰው ሞቶ ያውቃል? በሳቅ ካልሆነ!»

የዋጃ ልጆች ከሰልፉ ወጡ። የቆቦዎቹም ወጡ። ማንም ሳያዝዝ እጅ ሁሉ ወደየእጀታው ሄደ። እዚያ አሸዋ ላይ ከሙህዲን ጎራዴ በቀር ያልተሳለ አልነበረም። ይሁኔ ፊሽካውን ነፋ፤ አሁን የሰማው የለም። ደግሞ ነፋ።

«አንድ ሰው ሞቷል» አሉ አያ አራጌ።

ጮኸው አልተናገሩም። ግን ከዘራቸውን ይዘው በሁለቱ ወገን መሀል ቆመው ነበርና ሁሉም ሰማ።

«አንድ ሰው። ስሙ ኑሀ ነው። የዚህ ልጅ ቅድመ አያት። የገደለው አባቴ ነው።»

ሙህዲን ጎራዴውን ዝቅ አድርጎ አያቸው።

«አያ አራጌ፣ ምን እያሉ ነው?»

«መይሙና ስለዚህ ጎራዴ ምን ትላችሁ ነበር?»

«የስለት ነው፣ አትንኩት» ብላ የመለሰችው ሀናን ናት። ስልኩ ከእጇ ወርዷል። «ልጆች ሆነን እንዳይቆርጠን ይመስለን ነበር። የተሳለ ነው ማለቷ ይመስለን ነበር…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ያ አላህ። ስለት ያለችው ለአላህ የሚሰጠውን ስለት ነው።»

«ያንን ነው» አሉ አያ አራጌ። በአጭሩ ነገሯቸው፤ ግራሩን፣ ዘወልዶቹን፣ ድንጋዩን፣ ጎራዴው ከወጣ ምን እንደሚጠይቅ። ሲጨርሱ የሙህዲን ፊት ሌላ ፊት ሆኖ ነበር። ቅድም ስለተሳቀበት የተቆጣ ልጅ ነው፤ አሁን የተቆጣው በሌላ ነገር ነው።

«እንዴት ነው የሞተው?» አለ።

አያ አራጌ መዋሸት ይችሉ ነበር። የሚያስተባብላቸው በሕይወት ያለ ሰው የለም።

«ከብት ሊያጠጣ መጥቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ሲጠርግ። ከኋላው።»

«ከኋላው?»

«ከኋላው።»

ከዋጃ ልጆች አንዱ በጥርሱ መሀል ተነፈሰ። የሙህዲን ጣቶች ቀንዱን እጀታ ላይ ሲጠብቁ አያ አራጌ አዩ። ጎራዴው ደንዛዛ ነው፤ ክብደቱ ግን የቀድሞው ነው። በሙሉ ክንድ የመጣ እንደሆነ አንገት ለመስበር ስለት አያስፈልገውም።

ጋቢያቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ጣሉት። ይሁኔ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

«አባባ፣ ተዉ በእግዜር! ይኼ የድሮ ነገር ነው። ሰው እያየ?»

«ሰው እንዲያይ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ልንበርከክ። እኔም የግራዝማች የልጅ ልጅ ነኝ።»

አያ አራጌ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ያንተ አንገት ፊሽካ ይዟል» አሉና እጁን ከክንዳቸው አላቀቁ።

ሙህዲን የጣለው ሰሌን እንደተጋደመ ነው። እሱ ላይ ተንበረከኩ። እርጥቡ ሱሪያቸውን ዘልቆ ጉልበታቸውን አቀዘቀዘው። ከወንዙ ዳር ድንጋይ እንዲያመጣላቸው ማንንም አልጠየቁም፤ በእጃቸው አጠገባቸው ያገኙትን አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። አሁን የሚታያቸው የሰሌኑ ጥልፍልፍና የሙህዲን የፕላስቲክ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው አይንቀሳቀስም።

ውሃው ሲፈስ ይሰማል፤ ድልድዩ ላይ ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። አያ አራጌ አባታቸውን አሰቡ። ያኔ አባታቸው ፈርተው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጉ ነበር፤ መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠየቁም። አሁን አወቁ።

«ድንጋዩን አንሣ» አሉ ከሥር ሆነው። «እሱን የሚያነሣው ያንተ እጅ ነው። ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ። ብቻ ቶሎ በል፤ ጉልበቴ የወጣት አይደለም።»

ጫማው አንድ እርምጃ ቀረበ። ድንጋዩ ከማጅራታቸው ተነሣ። በቦታው ቀዝቃዛና ከባድ ነገር አረፈ፤ ይንቀጠቀጣል።

«ሰሌኑን ስትመታ እጅህ እንዲህ አልሆነም» አሉ አያ አራጌ።

«አውፍ ብያለሁ» አለ ሙህዲን።

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

«እኔ ማን ነኝ? በደንብ በለው። የሚመሰክርልህ ሰው ሁሉ እየሰማህ ነው።»

«የኑሀ ልጅ ነኝ። ለተበጀ ልጆች በሙሉ አውፍ ብያለሁ። ለአላህ ብዬ ነው፤ ወላሂ።»

ከጀርባው የዋጃ ልጆች አንድ ላይ «አሚን» አሉ። ቆየት ብሎ ከቆቦ ልጆችም አንዳንዱ አለ። መጨረሻ ላይ የተሰማው የአለሙ ድምፅ ነበር።

ሙህዲን ጎራዴውን ወደ አፎቱ ሲመልስ እንደለመደው በክንዱ ሊያዞረው ጀመረ። አያ አራጌ ከሰሌኑ ሳይነሡ፣ «አታሽከርክረው፤ ዱላ አይደለም» አሉት። ልጁ አፍሮ በቀስታ ከተተው። ሀናን የሻሿን ጠርዝ ቀድዳ የአፎቱን አፍ ጠፍር እስኪገኝለት ጠምጥማ አሰረችው። ከዚያ መሀረብ ይዛ መጣች፤ አያ አራጌ አንገት ላይ ዝገትና ቅቤ እንደ መስመር ቀርቶ ነበር።

«ተዪው» አሏት።

ይሁኔ ደግፎ አነሣቸው። በዚህ ጊዜ እጁን አልገፉትም። ፊሽካው አንገቱ ላይ የለም፤ የት እንደጣለው አላዩም። ከሰልፉ የቀረ ነገር የለም። የቆቦና የዋጃ ልጆች ተቀላቅለው ጎራዴያቸውን በየጆንያው እየጠቀለሉ ነው፤ ቅድም በዋጃ የሳቀው ልጅ ለዋጃው ልጅ ጆንያ ይይዝለታል፤ ሁለቱም ቀና ብለው አይተያዩም። አያ አራጌ አዩአቸውና የሚሉት ፈለጉ። ብዙ ነበር የሚባለው። ተዉት።

ወደ ባጃጁ ሲወጡ ሙህዲን ጎራዴውን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ ታቅፎ ተከተላቸው።

«አያ አራጌ፣ ልጆች ስወልድ ምን ልበላቸው?»

«የስለት ነው፣ አትንኩት በላቸው።»

ሙህዲን ራሱን ዝቅ አደረገ። «እሱንማ ለእኛም ብላን ነበር።»

አያ አራጌ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ። ልጁ እውነቱን ነው። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ሴት ብላው አልበቃም። አንገታቸውን በእጃቸው ዳበሱ፤ ቅቤው ጣታቸው ላይ ወጣ።

«ስትወልድ ጥራኝ» አሉ። «ካለሁ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ከሌሉስ?»

አያ አራጌ ወደ ኋላ ዞረው ይሁኔን አዩት። እርጥቡን ሰሌን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ተሸክሟል፤ ውሃው ጥቁሩን ከነቴራ አርሶ ይወርዳል።

«እሱን ጥራው» አሉ። «ሰሌን ቆራጭ ነው፤ ግን ዛሬ በዓይኑ አይቷል።»